ማጠቃለያ የሌለው ሪፖርት

እዚህ ደቡብ ሱዳን ያለው ዩኒቨርሲቲያችን አንድ ፒያኖ አለው፤ አዳራሹ ውስጥ ነው። የሚቃኙት ሰው፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ እናቴ አማራት ሰፈር በከፈተችው ምግብ ቤት ምሳ ይበላሉ። በሥራ መደብ ዝርዝሩ ላይ ፒያኖ ቃኚ የሚባል ስለሌለ የተመዘገቡት «ረዳት የጄኔሬተር ቴክኒሻን» ተብለው ነው። ጄኔሬተር ነክተው አያውቁም።

የሚከፈላቸው በተጠሩ ቁጥር ብቻ ነበር። ወንዙ ማዶ ካለው ከጉምቦ ሰፈር ድልድዩን ተሻግረው ለሚመጡበት፣ ቦዳ ለሚባለው የኪራይ ሞተርም ከኪሳቸው ይከፍላሉ። ዘንድሮ ግን ወርኃዊ ኮንትራት ሊሰጣቸው ታሰበና የሥራ ሪፖርት በእንግሊዝኛ አምጡ ተባሉ።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ስትዪ አልነበር? በይ ጻፊልኝ» አሉኝ።

በጣም ደስ አለኝ። በዚያው ሳምንት የሪፖርት አጻጻፍ ተምረን ነበር፤ መምህራችን ማጠቃለያው የማያሻማ ይሁን ብሎናል። እኔም ጋሼን ከፍ ላደርጋቸው ብዬ እንዲህ ስል ደመደምኩ፤ «ፒያኖው ሙሉ በሙሉ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ ምንም ችግር አይኖርበትም።» ጋሼ እኔን አምነው ፈረሙ።

የአስተዳደር ኃላፊዋ አዲስ አበባ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ሪፖርቱን አብረን ወስደን ሰጠናት፤ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ኻላስ፣ ሥራው አልቋል። ላለቀ ሥራ ወርኃዊ ኮንትራት ምን ያደርጋል?»

«ማነው አለቀ ያለው?»

«እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ ይኸው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ውጭ ስንወጣ «ፒያኖ ቆርቆሮ መሰለሽ፣ አንዴ መትተሽ የምትጨርሺው?» አሉኝ። «በደረቁ ወራት ድምፁ ይወርዳል። በዝናብ እንጨቱ ያብጥና ድምፁ ይወጣል። የእኔ ሥራ አያልቅም።»

«አሁን ምን ይሻላል?»

«ዝናብ መጠበቅ።»

ጠበቅን። ከክፍል በወጣሁ ቁጥር አዳራሽ እየገባሁ ቁልፎቹን እጫን ነበር። ሁልጊዜ ደህና ነው። ለፒያኖ ክፉ መመኘት ኃጢአት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ተመኘሁ።

ዝናቡ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት የዩኒቨርሲቲው መዘምራን ለእንግዳ አቀባበል ሲለማመዱ ፒያኖው ሌላ፣ እነሱ ሌላ ሆኑ። ኃላፊዋ እዚያው ነበረች። መዘምራኑን አየች፣ ፒያኖውን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየች።

«ምንም ችግር አይኖርበትም ያልሽው ይሄ ነው?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ጋሼ እንዲህ አላሉም» አልኳት።

«በይ ሌላ ጻፊ። ጋሼንም ጥሪያቸው፤ እንግዶቹ ሳይደርሱ።»

አዲሱ ሪፖርት አጭር ነው። «ዛሬ ተቃኝቷል። ዝናቡ እንደቀጠለ ነው» ብሎ ያበቃል። ጋሼ በዚህኛው ጊዜ እያንዳንዱን ቃል አስተረጎሙኝና ፈረሙ። በየወሩ የሚከፈል የዓመት ኮንትራት ተሰጣቸው፤ የቦዳውም ተጨመረ። መደባቸው አሁንም ረዳት የጄኔሬተር ቴክኒሻን ነው።

ያንኑ ሪፖርት ለክፍል ሥራ አስገባሁት። ማጠቃለያ ስለሌለው ሦስት ነጥብ ተቀነሰብኝ። አልተከራከርኩም።