የወይዘሮ ሴልቪ ስልክ በኦስሎ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት አንድ ነገር በዓይኔ ለማየት ነው። በስትሮክ አንደበታቸው የተያዘ ሰዎችን ንግግር ስልክ እንዲረዳው ማስተማር ይቻላል? እኛ በአማርኛ ልንጀምረው ነው፤ ኦስሎ ያሉ ታሚሎች ግን ቀድመውናል። ብዙዎቹ ከስሪላንካ ጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ ዛሬ እዚያው ያረጁ ናቸው።

ከቶየን ወደ ስቶቭነር

የእህቴ ልጅ ሜሮን ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። ጠዋት ቶየን ካለው ቤቷ ይዛኝ ወጣች። የሜትሮውን ቲኬት ዋጋ በልቤ ወደ ብር መንዝሬ ኪሴን ዳሰስኩ። ባቡሩ ግን አይታማም፤ ንጹሕ ነው፣ በሰዓቱም ይመጣል። ከዋሻው ስንወጣ በረዶ የለበሱ ጥዶችና ፎቆች ተከታተሉ።

የምትሠራው ስቶቭነር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው።

«ሲከየሙ ውስጥ፣ መኖሪያው ማለቴ ነው፣ ሴልቪ የምትባል ስትሮክ የመታት ታሚል አለች» አለችኝ። «ባሏን ስትፈልግ ደወል ትጫናለች፤ የምትለው ግን አይገባንም። ዛሬ ስልኩ ከገባው ራሷ ትደውልለታለች።»

«ካልገባውስ?»

«ናይ» አለች በኖርዌይኛ፣ አይ ለማለት፤ «እንደዚያ አትበል አጎቴ።»

ስልኩና ወይዘሮዋ

ወይዘሮ ሴልቪ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ካቪታ የምትባል ኖርዌይ ያደገች ታሚል ተመራማሪ ድምፃቸውን ስትቀዳ ወራት አስቆጥራለች። ሲደክማቸው ሻይ ትቀዳላቸዋለች፣ ጠብቃ እንደገና ትጀምራለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም። እሳቸው በተሳሰረ አንደበት «በረደኝ» ሲሉ ስልኩ በታሚል ጻፈው፣ ወዲያው በኖርዌይኛ አነበበው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የቀረው ለባለቤታቸው መደወል ነበር። ካቪታ የባለቤታቸውን ስም እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደገመችላቸው። ዝም።

«ስሙ ጠፍቶባቸዋል፤ ስትሮኩ ነው» አለችን በእንግሊዝኛ። «ይህን ክፍል መተው ይሻላል።»

ሜሮን ፊቷ ጠቆረ። እኔ ግን ቅድም የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ሲጠሩ ሰምቻለሁ። የከምባታ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ እናቴ የአማቷን ስም አንድም ቀን ሳትጠራ ነው ያረጀችው።

«እናትሽ አባትሽን በስሙ ትጠራዋለች?» አልኳት ካቪታን።

ግንባሯን በእጇ ያዘች። «በጭራሽ። ‹ይሰማሉ?› ነው የምትለው። ቤት ውስጥ ስሰማው አድጌ እንዴት ረሳሁት!»

ተንበርክካ ባለቤታቸውን ምን ብለው እንደሚጠሯቸው በታሚል ጠየቀቻቸው። ወይዘሮዋ አፍረው ሳቁ፤ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ። «የራኒ አባት» ብላ ተረጎመችልን፤ ራኒ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ካቪታ ደጋግማ አስባለቻቸውና ስልኩ ላይ ከባለቤታቸው ቁጥር ጋር አያያዘችው። ከዚያ ብቻቸውን ሞከሩት። ስልኩ ጠራ።

ሊንደሩድ በሚባል ሰፈር የሚኖሩት ሽማግሌ ባለቤታቸው አነሱ። ወይዘሮ ሴልቪ አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሏቸው?» አልኳት ካቪታን።

«‹ብርድ ነው፣ ሻርፕዎን አድርገው ይምጡ።›»

ሜሮን አለቀሰች፤ እኔም አልቻልኩም። ሽማግሌው በሜትሮው ፈጥነው ደረሱ፤ ሻርፑን አድርገዋል።

መልስ

ዝም ያለ ሰው ሁሉ መናገር ያቃተው እንዳልሆነ ኦስሎ ሄጄ ተማርኩ። አዲስ አበባ እንደገባሁ ለእኛ ሕመምተኞች ያዘጋጀነውን ጥያቄ ከፈትኩ። «የባለቤትዎን ስም ይናገሩ» ይላል። ሰርዤ «ባለቤትዎን ምን ብለው ይጠሯቸዋል?» ብዬ ጻፍኩ።