ሦስት ባዶ ወንበር

አባቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ ነበር። ሥራው ሩቅ አገር ሄዶ ያራገፈ መኪና የመልስ ጭነት እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ካላገኘ እዚያው ይቆማል እንጂ ባዶውን አይመለስም። «ባዶም ሂድ ሙሉ፣ ጭሱ ያው ነው» ይላቸዋል ሾፌሮቹን። እነሱም ስሙን ትተው «ባዶ አይመለስ» ይሉት ነበር።

ችግሩ ስምሪቱን ቤት ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው። ከሳሎን ማድቤት ባዶ እጅን መሄድ ክልክል ነበር። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ያደፈ ሰሃን ያስይዘኛል፤ ስመለስ ደግሞ ጨው። ጨው የጠየቀ የለም። ሳሎን ውስጥ ምን እንደሚሠራልን ብጠይቀው «ስትሄጂ ትመልሺዋለሽ» አለኝ።

የተመረቅኩ ቀን ግን አልሳቅኩም። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ስሜ ሲጠራ አዳራሹን ባስስ የለም። ሰው ተበትኖ ወንበር ሲሰበሰብ ደረሰ፣ ከኋላው ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች አስከትሎ። አንዱ ምንጣፍ ተሸክሟል።

«መኪናዬ ላይ ቦታ ነበራ ልጄ፤ እነሱን ሳፈላልግ እኮ ነው» አለኝ።

እንኳን ደስ አለሽ ያለኝ ባለምንጣፉ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ይላሉ፤ የአባቴ አመል ግን ያወጣው እኔን ነው። ሩቅ ከተማ ሥራ ያዝኩና ሁለት ዓመት ስልኩን አላነሳሁም።

አንድ ሰኞ የምኖርበት ፎቅ ላይ በሬ ተንኳኳ።

«ልወስድሽ መጣሁ። ቤትሽን እንኳ አይተሽ ትመለሻለሽ።»

«አልሄድም።»

«እኔም ባዶዬን አልመለስም። ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለና ወርዶ ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ማታ ማታ ጥበቃው ክፍል ያድራል።

በሦስተኛው ቀን ሕንጻውን በቁጥጥሩ ሥር አዋለ። ጎረቤቶቼ ነርሷ፣ መምህሩና ልብስ ሰፊው በየመኪናቸው ወደ አንድ ሰፈር ይሄዱ ነበር፤ ባንድ መኪና አጨቃቸው። ዳቦ ሊገዛ የመኪና ቁልፍ ይዞ የወረደውን «እግርህን ምን ነካው?» ብሎ በእግሩ ሰደደው። ቆሻሻ ሳይዙ መውረድ ቀረ። ቆሻሻ ያለቀበትም ከጎረቤት ይበደር ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ነርሷ መጣች። ታረቂያቸው ልትለኝ ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ።

«እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ ቆይተሽ ታረቂያቸው» አለችኝ። «አባባ ከሄዱ እኛ እንበታተናለን።»

ቂም እንዳትተው የተለመነች ሰው ከእኔ በፊት ያለች አይመስለኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን አባቴ ራሱ ወጣ። የበሩን ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ለጉዞው ማንንም አልጠራሁም» አለ። «አንቺና እኔ ብቻ ነን። ከኋላ ሦስት ወንበር… ባዶ ነው። የተመረቅሽ ቀንም እንዲህ ነበር መምጣት የነበረብኝ ልጄ።»

እንባዬ መጣ። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ይህን ነበር። ሻንጣዬን አነሳሁ።

ከከተማው ስንወጣ መንገድ ዳር ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ መሪውን አንቆ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል። አንዲት ሴት ሁለት ጆንያ ይዛ ቆማለች፤ አለፋት። ግንባሩን አላበው። ቀጥሎ ፍራሽ የተሸከመ ሰውዬ ነበር። እሱን ሲያልፍ አባቴ አቃሰተ። ሰውዬው በመስታወቱ ውስጥ ከነፍራሹ እያነሰ ሄደ፤ ኋላ ያሉት ሦስት ወንበሮች እኔንም ይከነክኑኝ ጀመር። የማን ልጅ ነኝና!

«አባዬ፣ አቁም።»

አቆመ።

«ተመለስና ሰዎቹን ጫናቸው።»

በድንጋጤ አየኝ። «ልመለስ? ባዶውን?»

«ምን ባዶ አለው፣ እኔ አለሁ አይደል?» አልኩት።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።