ከማንጎ ሳጥኖቹ ጀርባ

መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ማንጎ የምትሸጠው ባይነሽ ልጅቷን ከመጀመሪያውም አላመነቻትም። እኩለ ቀን ላይ፣ የትምህርት ቤቱ የጠዋት ፈረቃ ሲለቀቅ፣ እጅጌው ያጠራትን ዩኒፎርም ለብሳ ትመጣና ግራ ቀኝ ገልመጥ ብላ ከማንጎ ሳጥኖቹ ጀርባ ትሰወራለች። ስትወጣ በቤት ቀሚስ ነው፤ ዩኒፎርሙ የለም።

«ሌባ ናት፤ ዛሬስ አልለቃትም!» አለች ባይነሽ፣ አጠገቧ ሸንኮራ ለሚሸጠው ለአሕመድ።

«ወላሂ፣ አንቺ ጥላሽንም አታምኚም!» ብሎ ሳቀባት።

ልጅቷ ብቅ ስትል ባይነሽ ክንዷን ለቀም አደረገች። «የት ደበቅሽው?»

«እትዬ፣ በማርያም አይጩሁብን! ጓደኛዬ እየለበሰችው ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ናት። እናቶቻችን ተጋግዘው የገዙልን አንድ ብቻ ነው።»

ከሳጥኖቹ ኋላ «አዝራሩ እምቢ አለኝ እኮ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ባይነሽ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች። ነጠላዋን ዘርግታ ሳጥኖቹን ጋረደችና፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ በጥርጣሬ ትገላምጥ ጀመር።