የገብረወልድ አፍንጫ

ገብረወልድ ማሽተት ያቆመው አምና ነው። ጉንፋን አንድ ሳምንት አስተኝቶት ሲነሳ ላምባውም ሽሮውም አንድ ሆኑበት። ለሰው ግን አልተነፈሰም። እንዴት ይተንፍስ? ድሬዳዋ ውስጥ የአሮጌ ፔጆ ራዲያተር ከሥር ጠብታ ሳይታይ ውሃ ሲጎድልበት፣ ሾፌሩ እሱ ጋራዥ የሚመጣው ለዚያ አፍንጫ ነበር። ጨርቅ ጭስ በሚወጣበት ማርሚታ አፍ ላይ ይይዛል፣ ያሸታል፣ ውሃው ሞተር ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ይፈርዳል። ሲፈርድም ምሕረት የለውም። የመልካ ጀብዱ መስመር ሾፌሩን ዋርፋን በሰው ፊት፣ «አንተ አህያ ነበር መንዳት ያለብህ፤ እሷ ሲጠማት ትነግርሃለች» ብሎታል። ዋርፋ ያን ቀን ስቆ ሄደ፤ ቂሙን ግን አልጣለም።

አንድ ጠዋት ይኸው ዋርፋ ፔጆውን ይዞ መጣ፤ ሌሎች ሾፌሮችም ተከትለውታል። ገብረወልድ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተና አስነሳው። ውሃው አረፋ ደፈቀ። የዘይቱን መለኪያ መዘዘ፤ ወተት የገባበት ሻይ መስሏል። ለገብረወልድ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውሃው ወደ ሞተሩ ሆድ እየገባ ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ኩራቱ አላስቆመውም።

«ጨርቅ አምጡ» አለ።

ዋርፋ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ማርሚታው ላይ ያዘና አቀበለው። ገብረወልድ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበ።

«ውሃ ነው። የቴስታታው ጋስኬት ተበልቶ ውሃ ወደ ሞተሩ ያስገባል። እንዳትነዳው።»

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ዋርያ ገብሬ፣ ጨርቁን ላምባ ውስጥ ነው እኮ የነከርኩት» አለ ዋርፋ። «ባለፈው ሽቦ አጠገብህ ሲቃጠል ዝም ብለህ ሻይ ስትጠጣ ነው የጠረጠርኩህ።»

«አፍንጫዬን ተወው። አረፋውን አይተሃል፣ ዘይቱን እይ። አትንዳው ወንድሜ።» ገብረወልድ በዕድሜው ሾፌር ለምኖ አያውቅም ነበር። የሰማው የለም።

ዋርፋ ራዲያተሩን ሞልቶ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። መልካ ጀብዱ ሳይደርስ ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ፔጆ በቀር እንጀራ የሚበላበት ነገር የለውም።

ከሰዓት በኋላ መኪናው በገመድ እየተጎተተ መጣ። ገብረወልድ ከዱካው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ፣ ቦታ አስለቀቀ፣ መፍቻውን ሁሉ አወጣ። ዋርፋ መሪውን እንደያዘ አየው፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሁለት በር አልፎ ወደ ሌላ ጋራዥ አስጎተተው።

ፍርዱ ልክ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሾፌሮቹ ግን እስከ ዛሬ በበሩ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይዘው ያሳዩታል።