ሠላሳ አንድ ዓመት «ያው»

እማማ ሴንቲ የሚለው ስም ቤተሰብ ያወጣላቸው አይደለም። ከወንዙ ሲመለሱ የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ «ዛሬስ ስንት ሴንቲ ነው?» እያለ ሲጠይቃቸው ኖሮ፣ ጥያቄው ስም ሆኖ ቀረ። እሳቸውም ለምደውታል። እንዲያውም በመዝገብ ስማቸው የጠራቸው እንግዳ ካለ የመሥሪያ ቤት ሰው መሆኑ ስለሚገባቸው ልባቸው ድንግጥ ይላል።

ሥራቸው ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። ከድልድዩ እግር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ብረት ተተክሏል። ጠዋትና ማታ ወደ ውሃው ይወርዳሉ፣ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ያነባሉ፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ዋናው ቅጂ በየወሩ ወደ ውሃ ቢሮ ይላካል፤ በካርቦን የወጣው ግልባጭ እሳቸው አልጋ ሥር ካለው ሳጥን ይገባል። ሳጥኑ ከሞላ ቆይቷል፤ አሁን አልጋውን ተሸክሞ የቆመው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

የዚያን ቀን በመዝገብ ስማቸው ጠርታቸው የገባችው ከቢሮው የተላከች ወጣት መሐንዲስ ነበረች። ፊቷ የመርዶ ነጋሪ ይመስላል።

«እማማ፣ የውሃ መለኪያ ጣቢያው ሊዘጋ ነው» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ። «መዝገቡ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። ዓርብ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ከተወሰነ ብረቱንም ይነቅሉታል።»

«ባዶ? የኔ መዝገብ?»

ኮምፒውተሯን ከፍታ አሳየቻቸው። እውነትም የበጋው ወራት አንድ ቁጥር፣ ከዚያ አሥር ቀን ባዶ፣ እንደገና አንድ ቁጥር ነው። ከታች ያለው ግድብ ለከተማው መጠጥና ለገበሬው መስኖ ስንት ስንት እንደሚለቅ የሚወሰነው ይህ ወንዝ ታይቶ እንደሆነ፣ የዚህ ጣቢያ ቁጥር ካልታመነ ግን በድሮው ግምት እንደሚሠራ ነገረቻቸው። እማማ ሴንቲ ደማቸው ፈላ። ተንበርክከው ሳጥኑን ጎተቱና የመጀመሪያውን ደብተር ጭኗ ላይ ወረወሩላት።

መሐንዲሷ ገለጠችው። «ስድሳ ሁለት» ይላል። በማግስቱ «ያው»። በማግስቱም «ያው»።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያው ነዋ! ውሃው ካልተነቃነቀ ምን ልበል ታዲያ? የመጀመሪያው አለቃዬ ነው ያስተማረኝ። ‹ካልተለወጠ እጅሽን አታድክሚ፣ ያው በዪ› አለኝ።»

መሐንዲሷ ራሷን ያዘች። አለቃው ጡረታ ከወጣ ዘመን አልፏል። ኮምፒውተሩ ደግሞ በቁጥር ቦታ ፊደል አይቀበልም። የቢሮው መዝጋቢዎች «ያው»ን ባዩ ቁጥር ዘለውት ሲያልፉ፣ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በሁለት ፊደል ገደል ገብቷል። ጠይቆ መረዳት ያን ያህል ምን ይከብድ ነበር?

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን መጋዘን አስመሰሉት። እማማ ሴንቲ ያነባሉ፣ መሐንዲሷ ትጽፋለች። «ያው። ያው። ያው። ስድሳ አንድ። ያው።»

«ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ!»

«ወንዙ ነው ቀስ ያለው፣ እኔ ምን አደረግኩ!»

ዓርብ ጠዋት መሐንዲሷ ያሳተመችውን ወረቀት በቢሮው አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለጠፈችው። እማማ ሴንቲ ወንዛቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን አዩት። አንድ ቀጭን መስመር ነው፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ይወርዳል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። በዚያኛው ጫፍ የበጋው ውሃ ስድሳ ሁለት ላይ ተኝቷል። ወደዚህ በመጣ ቁጥር በየዓመቱ አንድ ሴንቲ፣ ሁለት ሴንቲ ይጎድላል። የዘንድሮው ሃያ ሰባት ነው። ክረምቱ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ጎርፉ ከዓመት ዓመት ከፍ፣ ዕድሜው ከዓመት ዓመት አጠር እያለ መጥቶ መጨረሻ ላይ እንደ መርፌ ሾሏል።

ፈሩም፣ ተደነቁም። ያን የሚያህል ነገር ሲሆን ከአጠገቡ ቆመው ነበር። አልዋሹም፤ እያንዳንዱ «ያው» ከትናንቱ ጋር ሲተያይ እውነት ነበር። ውሃው ግን እንደዚያው ያው እየተባለ ከግማሽ በላይ ወርዷል። «ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ?» አሉ በሹክሹክታ።

ስብሰባውን የሚመራው ኃላፊ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ተመላልሶ አየው። «ይህ እውነት ከሆነ በድሮው ግምት ስንሠራ ግድቡን በበጋው እኩሌታ ባዶ እናስቀረዋለን» አለ። ከዚያ ወደ እማማ ሴንቲ ዞረ። «አይቀየሙኝ እማማ። ‹ያው› ለማለት ውሃው ድረስ መውረድ አያስፈልግም። ቤት ተቀምጦም ይጻፋል። በየቀኑ መውረድዎን በምን እናምናለን?»

እማማ ሴንቲ ተነሡ። ከወረቀቱ ሥር የተጻፉትን ቀኖች በጣታቸው እየዳሰሱ ሄዱ ሄዱና መሐል ላይ፣ መስመሩ ዝርግ ያለበት ቦታ ቆሙ።

«ባለቤቴ ያረፈ ቀን ይህቺ ናት» አሉ። «ጠዋት ከወንዙ ከተመለስኩ በኋላ ሄደብኝ። ማታ ቤቱ በለቀስተኛ ሲሞላ ሹልክ ብዬ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ እኔም አላውቅም። ቤቴ ፈርሶ ነበርና ውሃውም የሆነ ነገር የሆነ መሰለኝ። ምንም አልሆነም። አርባ አራት ላይ ነበር፣ እንደ ጠዋቱ።»

መሐንዲሷ ከደብተሮቹ ክምር የዚያን ዓመቱን ፈልጋ ቀኑን ገለጠችና ለኃላፊው ሰጠችው። «ያው» ይላል። የማታው ላይ እስክሪብቶው ካርቦኑን አልፎ ወረቀቱን በስቶታል።

ኃላፊው ገጹን ወደ ብርሃን አዙሮ ቀዳዳውን አየው። «ብረቱን ማንም እንዳይነካው» አለ። «የዘንድሮውን ውሃ የምናካፍለው በዚህ መስመር ነው።»

እማማ ሴንቲ አልሰሙትም። ጣታቸው ገና ከዚያች ቀን ላይ አልተነሣም።