ከውስጥ የተነሳው በር

የያዙኝ ከክፍል ውስጥ፣ ልጆች እያስተማርሁ ነው። ሁለት ነጭ ለባሾች እስከ ሲማዳ በእግር ነዱኝ። ጥፋቴ የታወቀ ነበር፤ ገበሬዎቹ ርስታችን በቀላድ ገመድ ተለክቶ ግብር አይጨመርብን ብለው ያስገቡትን አቤቱታ የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ።

እስር ቤቱ ቀድሞ የእህል ጎተራ ነበር። መስኮት የለውም። በሩ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ከውጭ በመወርወሪያ ይዘጋል። ከኋላዬ ሲዘጋ የገብስ አቧራ አፍንጫዬን ሞላው።

«ደፉን ተጠንቀቅ፣ ከፍ ያለ ነው» አለኝ ከጨለማው ውስጥ አንድ ድምፅ። «እኔው ነኝ የሠራሁት።»

ሽማግሌ አናጢ ናቸው። አቤቱታው ላይ መጀመሪያ አውራ ጣታቸውን ያሳረፉት እሳቸው ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ደግሞ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበር፤ እሱም የፈረመ ነው፤ ከዓባይ በረሃ ወባ ይዞት የመጣ።

እኔ መቀመጥ አልቻልሁም። ከግድግዳው እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ስመላለስ እውላለሁ። ከውጭ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ኮቴው ሲያልፍ ደግሞ እጀምራለሁ።

«አንት ልጅ» አሉኝ ሽማግሌው አንድ ቀን፣ «መሬቱን እኮ አንተው ለካኸው!»

በገበያ ቀን ጠባቂያችን በጠዋት መወርወሪያውን ወርውሮ ሄደ። እኩለ ቀን ላይ የገበሬው ትኩሳት ባሰበት። ውሃ፣ ውሃ ይላል። የውሃ ቅላችን ባዶ ነው። በሩን በጡጫ ደበደብሁ፣ ጮህሁ። የሚሰማ የለም።

ሽማግሌው ተነሱ።

«በዚህ በኩል ያዝ» አሉኝ።

በሩ የብረት ማጠፊያ የለውም። የታችኛው ጫፉ ድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚዞረው።

«ወደ ላይ አንሳ። አሁን ወደ ራስህ ሳብ።»

ለሁለት ስናነሳው ድንጋዩን ፋቀውና ከመወርወሪያው ተቃራኒ በኩል ወጣ። ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ።

«እስካሁን ያውቁ ነበር?»

«የሠራሁትን እንዴት አላውቅ!»

ግቢው ጭር ብሏል። ከጠባቂው ጎጆ ጥላ ሥር ካለው እንስራ ቅሉን ሞላን። ከአጥሩ ማዶ መንገዱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሲወርድ ይታያል።

«አባቴ፣ አጠጥተነው እንሂድ» አልሁ።

ሽማግሌው ወደ ጎጆው አዩ።

«በእኛ ፈንታ ጠባቂውን፣ ያን የልጆች አባት ያስሩታል። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ጣቴ አለ። ሸሸ ከተባለ የወንበዴ አቤቱታ ይሉታል።»

ቅሉን ተቀብለውኝ ገቡ። እኔ ደፉ ላይ ቆምሁ። ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ አየሁ። ከዚያ ገባሁ፤ በሩንም አንስተን ወደ ቦታው መለስነው።

ጠባቂው ሲመለስ ከእንስራው እስከ በሩ የፈሰሰውን ውሃ አየ። ሄዶም ለጣቢያው ሹም ተናገረ። በማግሥቱ ሹሙ መጣ።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

«ሁለታችን ነን» አልሁ።

«ታዲያ ለምን አልሄዳችሁም?»

ሹሙ መጥረቢያና መሮ አስመጣ። ሽማግሌው በሩን ከውስጥ እንዳይነሳ አድርገው እንዲያጠብቁት አዘዘ። እሳቸው መሮውን አንስተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ጌታዬ፣ ያኔ ለእህል ነው ብላችሁኝ ሠራሁ። የሰው መዝጊያ አልሠራም።»

እግር ብረት ታዘዘባቸው። ለእጥበት እንደሚሰጥ ሰው እግራቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ።

ገበሬው ዳነ። እኔ ከፋሲካ በኋላ ተፈታሁ፤ እሳቸው እስከ ክረምት ቆዩ።

ዛሬ ይህን ስናገር ሰዎች «እንዴት ሳትሸሽ ቀረህ?» ይሉኛል። ስለ ጽናት ብነግራቸው ደስ ይላቸው ነበር። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ ሽማግሌው ቀድመውኝ ገብተዋል፤ በሩን ብቻቸውን አንስተው መመለስ አይችሉም ነበር።