ጓደኛዬ ያዋሰችኝ የግድያ ልብ ወለድ

መካነ ሰላም ሳስተምር አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ የተከራየችው የሂሳብ መምህርት የወግዲ ልጅ ናት። እኔ የፍቅርና የታሪክ መጽሐፍ ነበር የማነበው፤ እሷ ግድያ ያለበትን ትመርጣለች። አንድ ሰኔ ላይ ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶ ሚኒባስ ሲጠፋ፣ የማነበው አለቀብኝና አንዱን ልብ ወለዷን አዋሰችኝ።

ገና መጀመሪያው ላይ የአንዲት ወጣት አስከሬን ከውኃ ጉድጓድ ይወጣል። ዘግቼ መለስኩላት።

«ይኼ ለእኔ አይሆንም» አልኳት።

ምስር እየለቀመች ነበር። አልተከራከረችኝም፤ «ምኑ ነው የከበደሽ? ደሙ ነው ወይስ ሐዘኑ?» አለችኝ።

«እንጃ። እኔ የማነበው ልቤ እንዲያርፍ ነው።»

«እኔም ለዚያው ነው» አለች።

ከዚያ ስለ ታላቅ ወንድሟ ነገረችኝ። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኘ። ከበቅሎ ወድቆ ነው ተባለና ተቀበረ። አባቷ በቅሎዋ ከዛፍ ጋር ታስራ እንደተገኘች ቢናገሩም የሚሰማቸው አላገኙም።

«እዚህ ውስጥ ግን» አለች ወደ መጽሐፉ እያየች፣ «እውነቱን እስኪያገኝ መጠየቁን የማይተው ሰው አለ። እሱን ሳነብ ደህና እተኛለሁ።»

ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ እሷው «አብሽሪ፣ ካልወደድሽው ተይው» አለችኝ።

መጽሐፉን መልሼ ወሰድኩ። በቀን፣ በረንዳ ላይ ብቻ ነበር የማነበው። ደራሲው ስለ ወጣቷ አሟሟት ጥቂት መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ስለ ልጅቷ አሳሳቅ፣ እናቷ የልጇን ንጹሕ ልብስ ደጋግማ ስለማጠቧ ግን ብዙ ገጽ ይሰጣል። መርማሪው ጉልበቱን የሚያመው፣ በር ሲዘጉበት ተመልሶ የሚያንኳኳ ሽማግሌ ነው። ገዳዩ ጎረቤቷ ነው ብዬ ነበር፤ ተሳሳትኩ። እናትየው እውነቱን የሰማችበት ቦታ ስደርስ አለቀስኩ።

«እሺ፣ እንዴት ነው?» አለችኝ ስጨርስ።

«ደሙን አሁንም አልወደድኩትም። ልጅቷን ግን የማውቃት ያህል ነው።»

«እንግዲያው የሚሆንሽ እንደዚህ ያለው ነው፤ ሟቹን የሚያስተዋውቅሽ።»

ያን ሁሉ ተሸክማ እንዲህ ቀስ ብላ ለሰው ማስረዳቷ ዛሬም ያስደንቀኛል። አሁን ወደ ከላላ ተዛውሬያለሁ። እሷ ልትጠይቀኝ ስትመጣ መጽሐፍ ሳትይዝልኝ አትመጣም። ባለፈው አንዱን ከቦርሳዋ ሳወጣ ቀማችኝ።

«ይኼኛው መግደል ብቻ ነው» አለችና ለራሷ አስቀረችው።